ላጲስ ያላጠፋችው ጥላ

ባልደረቦቿ «ላጲስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው፤ ፊልም ላይ መታየት የሌለበትን ታጠፋለች። ጀግናው ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ወገቡን የያዘውን ገመድ፣ መስታወት ውስጥ ብቅ ያለውን ካሜራ፣ ስለ ነገሥታት ዘመን በሚተርክ ፊልም ሰማይ ላይ ሽው ያለውን አውሮፕላን፣ ሁሉንም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ከየምስሉ ላይ አንድ በአንድ ትፍቃለች። ለጀግናው ይጨበጨባል፤ የእሷ ዓይን ይቀላል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፣ የእሷ ግን ከልብ አልፎ ወገብና አንገቷ ላይ ወጥቷል።

ጀማሪ ሳለች አንድ ጥፋት አልለቅ ብሏት ነበር። ሰውየውን አጥርታ ታጠፋና ጥላውን ትረሳለች። ባዶ መንገድ ላይ ጥላ ብቻውን ሲሄድ አለቃዋ ያይና፣ «የኔ እመቤት፣ የጥላው ባለቤት የት ሄዶ ነው?» እያለ ያሾፍባት ነበር። የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ በዚህ ስህተት ያልፋል፤ እሷም ካለፈችው ቆይታለች።

ከፊልም ሰዎች ጋር ያገናኛት አባቷ ነው። የመብራት ሠራተኛ ነበር። «እኔ ከታየሁ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ከካሜራ ፊት ዞር ሲል ኖረ። ልማዱ ቤትም አልለቀቀውም፤ ፎቶ እንነሣ ሲባል አንሺው እሱ ነው። ልቡን ታሞ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይሸከም ሲከለክለው፣ ለእናቷ «ከእንግዲህ ቆሜ ማዘዝ ብቻ ነው» ብሎ ማለላት። ብዙም ሳይቆይ፣ የያዘው ፊልም ተቀርጾ እንዳለቀ ሞተ። እናቷ ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ሲራመድ የሚያሳይ አንድ ምስል እንኳ ልጣ? አረማመዱ ከዓይኔ እየጠፋ ነው እኮ፣ ልጄ።»

አንድ ቀን ጠዋት ላጲስ የተመደበላትን ሥራ ከፈተች። ተዋናይዋ ፀሐይ በሞላበት ግቢ ቆማ ታለቅሳለች። ከኋላዋ፣ በግድግዳው ሥር፣ አንድ ሽማግሌ መሰላል ተሸክሞ ግራ እግሩን ትንሽ እየጎተተ ያልፋል፤ ቀረጻው መጀመሩን አላወቀም። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ሰውየው ይጥፋ። ሰውየው አባቷ ነበር።

ለእናቷ ቀድታ እንዳትወስድላት፣ ፊልም እንዳይሰረቅ ስልክ በር ላይ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩም ምንም አያስወጣም። አለቃዋን ለመነችው። አባቷን በደንብ ያውቀዋልና አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ አንድ ምስል ከዚህ ቤት ከወጣ እኔና አንቺም ተከትለነው እንወጣለን።»

ተመልሳ ተቀመጠችና አባቷን ማጥፋት ጀመረች። መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ኮቱን። ፊቱን ለመጨረሻ አቆየችው። ሰው አባቱን ስንት ጊዜ ይቀብራል? ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ፊት ሰው የሚባል አልቀረም፤ ጥላው ብቻ መሰላሉን እንደተሸከመ ይሄዳል። እሱን ልትፍቅ እጇን ሰነዘረች፤ አልሆነላትም።

አለቃዋ ሥራውን ሊያይ መጣ። ደጋግሞ አየው።

«ጥላውን ረስተሽዋል» አለ።

«ደክሞኛል» አለችው።

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«እኔም ደክሞኛል» አለና አሳለፈው።

ፊልሙ ሲወጣ እናቷን ሲኒማ ቤት ወሰደቻት። የአባቷ የመጨረሻ ሥራ መሆኑን እናትየዋ ታውቃለች፤ ስለ ጥላው ግን ላጲስ ትንፍሽ አላለችም። ነግራት ሳታየው ቢያልፍስ? ሁለተኛ ሐዘን ይሆናል ብላ ፈራች። ተዋናይዋ ማልቀስ ስትጀምር አዳራሹ ሁሉ እሷን ያያል። በግድግዳው ላይ ጥላው ግራ እግሩን እየጎተተ አለፈ። እናቷ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት፣ ፊልሙ እስኪያልቅም አልለቀቀቻትም።

መብራት ሲበራ ጉንጮቿ ርሰዋል።

«እሱ ነው» አለች። «ራሱ ነው።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ ፊቷን አጠቆረች። «መሰላል ተሸክሟል። አልሸከምም ብሎ ምሎልኝ አልነበር?»

ላጲስ ቀኑን ሙሉ ስትፍቅ ውላ፣ የመሰላሉን ጥላ ማጥፋት ትዝ አላላትም ነበር።