አባቴ የገፋው ድንበር

አባቴ ጫካ ሲገባ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ሲመለስ ቡራዩ ውስጥ ፋርማሲ ተቀጥሬ የምሠራ ትልቅ ሰው ሆኜ አገኘኝ። በመሃል ያለውን ዘመን የተሸከመችው እናቴ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችኝ። ስለ ባሏ የሚጠይቃት ሲመጣ "ለሥራ ሄዷል" ትላለች። የምን ሥራ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ማወቃቸውንም እሷ ታውቃለች።

ከመሄዱ በፊት አስተማሪ ነበር። በከተሞቹ ዙሪያ የገበሬው መሬት ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት እየተባለ መታጠር ሲጀምር ተማሪዎቹን አስከትሎ ሰልፍ ወጣ። ታሰረ፣ ተፈታ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ መስሎ ወጣና ቀረ። ከዓመታት በኋላ በሰው ስልክ አንድ ፎቶ ደረሰን፤ ጢሙ ያደገ፣ ጠብመንጃ ያነገተ፣ ከኋላው ወጣቶች የተሰለፉለት ሰው። አዛዥ ሆኗል አሉን። እናቴ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰችና ወደ ስፌቷ ዞረች። ያን ቀን አንድ ኮሌታ እየፈታች ደጋግማ ስትሰፋ ዋለች።

ዕርቅ ወረደና ተዋጊዎቹ ከነመሪያቸው ገቡ። አባቴ ቤታችን ሲመጣ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመና እንደ እንግዳ "ልግባ?" አለ። አልጋ አልሆነውም፤ ከበሩ አጠገብ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛ ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር ይቀመጣል። እኔ "አባዬ" ማለት አቃተኝ። እንደማላውቀው ሽማግሌ "አንቱ" እለው ነበር፤ እሱም አላረመኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሥልጣን ሰጡት። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ በመሬት ጉዳይ ላይ የሚወሰንበት ወንበር ነበር። የተቀበለበትን ምክንያት ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

"ውጭ ሆኜ ስጮህበት የኖርኩትን ነገር ውስጥ ገብቼ አስቆመዋለሁ" አላት።

ከልቡ ነበር። አሁንም ከልቡ እንደነበር አምናለሁ። መኪና ተሰጠው፣ ቤታችን ታደሰ፣ ስፌት ያደከመው የእናቴ ዓይን ታከመ። የስፌት መኪናዋ ጓዳ ገብቶ ጨርቅ ለበሰ። ፋርማሲ የሚመጣው ሰው መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እስቲ ለአባትሽ ንገሪልኝ" ይለኝ ጀመር። እኔም የባለሥልጣን ልጅ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ "ነይ፣ ሕይወቴን ያተረፈውን ሰው ላሳይሽ" ብሎ ወደ ሱሉልታ ይዞኝ ወጣ። በአስፋልቱ ዳር ሯጮች በቡድን በቡድን እየሆኑ ያልፋሉ። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ጭቃውን ስንጨርስ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ደጃፍ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆመው ጠበቁን። ሰው ሁሉ "ኦቦ" ብቻ ነበር የሚላቸው፤ አቶ እንደማለት ነው።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?" አሉት፤ እንደምን አለህ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

እርጎ ጠጥተን ስናበቃ አባቴ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የድርቆሽ ክምር ወሰደኝ። እግሩን ተመትቶ ከጓደኞቹ በተነጠለ ጊዜ ኦቦ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነበር የደበቁት። ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥቡለታል፤ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ እንዳያውቁ ምግቡንና ወተቱን ከከብቶቹ መኖ ሥር ሸፍነው ያስገቡለታል።

"ወታደሮች እዚህ በር ድረስ መጥተው ሳይገቡ ተመልሰዋል" አለኝ። "ለምን እንደተመለሱ እስካሁን አይገባኝም።"

ከኦቦ ማሳ ቀጥሎ ባላቸው የሞተባቸው የአንዲት ሴት ሜዳ ነበር። "አዴ" ይሏቸዋል፤ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ወተትና ድርቆሽ እየሸጡ። በአጥሩ በኩል ስናልፍ ላም እያለቡ ነበርና እጃቸውን አነሱልን። አባቴም እጁን አነሳ፤ ግን አልቆመም።

በዚያው ዓመት ለአንድ ፋብሪካ የሚሰጥ መሬት ተለየ። ውሳኔው ከበላይ የመጣ ነበር፤ የአባቴ ሥራ ቦታውን ማስረከብ ነው። ፕላኑን ይዞት ቤት መጣና አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ዘረጋው። የኦቦ ማሳ እንዳለ መሃሉ ላይ ወድቋል። አባቴ ጣቱን እዚያ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ።

"አልፈርምም ቢሉስ?" አልኩት።

"እኔ ባልፈርም ነገ ሌላ ሰው ያስቀምጡና እሱ ይፈርማል።"

"ታዲያ ትንሽ ማዞር አይቻልም? ኦቦን ብቻ እንዲያልፋቸው?"

ቀና ብሎ አየኝ። ሲያስበው የቆየውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ይመስል ነበር። እናቴ ከውስጥ ሆና፣

"ዞሮስ ማን ላይ ሊያርፍ ነው?" አለች።

አባቴ ፕላኑን ጠቀለለ።

ድንበሩ ዞረ። የኦቦን ማሳ ትቶ በአዴ ሜዳ ላይ አረፈ። ካሳ ተከፈላቸው፣ ሕጉ የሚለው ሁሉ ተፈጸመ፤ ማንም ጣቱን ሊቀስር የሚችልበት ነገር አልነበረም። ግሬደር ገባ፣ የግንብ አጥር ቆመ። ለአዴ የቀረላቸው ቤታቸውና የጓሮ ጎመናቸው ብቻ ነበር። አባቴ ግን በዚያ ሰሞን ቀለል ብሎት ነበር። ከበሩ አጠገብ ያለውን ፍራሽ ትቶ አልጋ ላይ መተኛት የጀመረው ያኔ ነው። "በሕይወቴ አንድ ውለታ መለስኩ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ገብስ ከታጨደ በኋላ ኦቦን ልንጠይቅ ሄድን። አባቴ ለኦቦ ጋቢ ገዝቶላቸዋል። ደጃፍ ላይ ቆመው አልጠበቁንም። ግቢው ውስጥ አጥር እያሰሩ ነበር፤ ሰላምታችንን ተቀብለው አጥራቸውን ማሰር ቀጠሉ። አባቴ ጋቢውን እንደታቀፈ ቆመ።

"ኦቦ፣ መሬትዎ ተርፏል። ሰምተዋል አይደል?"

"አይቻለሁ" አሉ። "ቀያሾቹ መጀመሪያ ችካላቸውን የተከሉት እኔ ማሳ ላይ ነበር። ኋላ መጡና ነቅለው ወደ እሷ ወሰዱት። አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ጠየቅኩህ?"

"አልጠየቁኝም። ግን ያንን ክረምት እንዴት ልርሳው?"

ኦቦ የያዙትን ልጥ ጣሉና ከአጥሩ ሥር የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ሲናገሩም የደከማቸው ይመስል ነበር።

"ወታደሮቹ ለምን እንደተመለሱ ታውቃለህ?" አሉት። "መጀመሪያ የደረሱት እሷ ቤት ነው። ድርቆሹን አሻግረው አይተው ጠየቋት። 'የዚህ ሰው ድርቆሽ ዝናብ ገብቶበት በስብሷል፤ ሽታውን ከፈለጋችሁ ሂዱ' ብላ ስትስቅባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተ እዚያ ውስጥ እንዳለህ ታውቅ ነበር። የጠጣኸውስ ወተት የማን ይመስልሃል? ያን ክረምት የኔ ላም ነጥፋ ነበር።"

አባቴ ዞሮ ወደ ድርቆሹ ክምር አየ። ከዚያ፣

"ለምን አልነገሩኝም?" አለ።

"አትንገር ብላኝ ነበር። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ወሬው ቢወጣ ማን ይደርስላታል? ሰላም ሲሆን ንገሪው አልኳት። 'ባለሥልጣን ቤት ሄጄ ውለታዬን አልቆጥርም' አለች።"

ጋቢውን አልተቀበሉትም። አልወረወሩትም፤ "ለእናትሽ ውሰጂላት" ብለው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

ስንመለስ አባቴ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። እጁ መሪው ላይ ነው። እኔ በኦቦ ፊት የዋጥኩት ሁሉ ወጣብኝ።

"አንተ አንድ ቀን እንኳ ገብተህ አዴን አልጠየቅካቸውም? በአጥራቸው በኩል ስንት ጊዜ አለፍክ!"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" ያልኩት ያን ጊዜ ነው። እሱም አስተዋለው፤ ዞር ብሎ አየኝና "አልጠየቅኩም" አለኝ። በዚያ ቁጣዬ ውስጥ ግን አንድ የምሸሸው ነገር ነበር። በረንዳው ላይ "ትንሽ ማዞር አይቻልም?" ያለው የእኔ አፍ ነው። አባቴ ይህንን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አዴ ዘንድ ሄደ። ብቻዬን አልችልም ስላለ አብሬው ሄድኩ። አዴ ዱካ አውጥተው አስቀመጡን። አባቴን "እርስዎ" እያሉ ነበር የሚያናግሩት፤ በዕድሜ ይበልጡታል፣ ግን ባለሥልጣን ነው።

"አዴ፣ ያደረጉልኝን አላውቅም ነበር" አላቸው።

"ባያውቁስ?" አሉት ቀስ ብለው። "ምንም ያላደረገልዎት ሰው መሬት ይወሰዳል?"

አባቴ አቀረቀረ። እኔ በአጥሩ ማዶ የቆመውን አዲስ ግንብ እያየሁ ነበር።

"ያኔ ወታደሮቹን የመለስኩት ለእርስዎ ብዬ አይደለም" አሉ አዴ። "ኦቦ ጎረቤቴ ስለሆነ ነው። እርስዎን ቢያገኙ እሱን ይገድሉት ነበር። ስለዚህ የእኔ ውለታ የለብዎትም፤ በዚህ አይጨነቁ።"

ከዚያ በኋላ አባቴ የተደረገውን ለማስመለስ የቻለውን ሁሉ ሞከረ። ድንበሩን ያዞረው እሱ ራሱ እንደሆነ ለአለቆቹ ነገራቸው። ግንቡ ቆሟል፣ ማሽኑ ገብቷል፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። አንዱ አለቃው "ሁላችንም ለዘመድ አድርገናል፣ አንተ ለውለታ ነው ያደረግከው፣ ምን ያስጨንቅሃል?" እንዳለው ቤት መጥቶ ነገረን። ያ ንግግር ከስድብ በላይ ጎዳው። ሥራውን ለቀቀ። የጫካ ጓደኞቹ አበደ አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ትቶን ሄደ ብለው ተቀየሙት፤ በእሱ ወንበር ተስፋ የነበራቸው ብዙ ነበሩ። እናቴን ጓዳ ገብታ የስፌት መኪናዋን አቧራ ስትጠርግ አየኋት።

በሥልጣኑ የታደሰውን የቡራዩን ቤት ለቀን ሰበታ ተከራየን። አባቴ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተመልሶ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ስለ ጫካው ሲጠይቁት ወሬውን ወደ ትምህርቱ ይመልሰዋል አሉ።

ኦቦ ከማሳቸው ከፍለው ለአዴ ከብቶች ግጦሽ ሰጥተው ነበር። ልጆቻቸው ግን አጉረመረሙ፤ እነሱም የሚያርሱት አጥተው ከከተማ ከተማ የቀን ሥራ የሚፈልጉ ናቸው። አዴ "አባትና ልጆች በእኔ ምክንያት አይጣሉ" ብለው ላሞቻቸውን ሸጡና ፉሪ ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። ስንሰናበታቸው ኦቦ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ፉሪ ከሰበታ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ እየሄድኩ የምጠይቃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። የደም ግፊታቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አደርሳለሁ። "ገላቶሚ፣ ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፤ አመሰግናለሁ፣ ልጄ። በረንዳው ላይ ያልኩትን ነገር ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። እንደዚያ ሲመርቁኝ ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ "ልከተልሽ" አለኝ። ዳገቱን እያነከሰ ወጣ። አዴ ወንበር ሰጡት። ገና ሳይቀመጥ፣

"ይቅርታ ልለምንዎት ነው የመጣሁት" አላቸው።

አዴ እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት። "እኔ ይቅርታ የምነፍግ ሰው አይደለሁም" አሉ። "ግን ገና ከልቤ አልወጣም። ሳይወጣ ብልዎት ውሸት ይሆናል። ይምጡ፤ ቤቱ ክፍት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ይሄዳል። አንዳንዴ እኔም እሄዳለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኦቦ ጤና፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወራሉ። አሁንም "እርስዎ" ነው የሚሉት። የይቅርታዋን ቃል እስካሁን አላሏትም፤ እሱም ዳግመኛ አልጠየቀም። ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን ሄዶ ሲመለስ እናቴ ኮሌታ እየሰፋች፣

"ምን አሉህ?" አለችው።

"የልጅ ልጃቸው ጥርስ አወጣች አሉኝ" አላትና ጫማውን አውልቆ የተማሪዎቹን ፈተና ማረም ጀመረ።