ቲቸር የጠየቀችልኝ

የታሰርንባት ክፍል ከዚያ በፊት የፖሊስ ጣቢያው ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። የብረት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሽንት ባልዲና እርጥብ ሲሚንቶ። መስኮት የላትም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መሀል ባለው ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል። ሦስት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ገባሁ። ከኋላዬ የሲቪክስ አስተማሪያችን ገባች። በሩ ተዘጋብን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ተያዙ ሰዎች መብት ነበር። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ከሰፈራችን የታፈሱት ልጆች ለምን ፍርድ ቤት አልቀረቡም?» ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ዝም አላሰኘችውም። «እስቲ ተወያዩበት» አለች። እኔም ተነስቼ ተናገርኩ። ፖለቲካ ገብቶኝ አይደለም፤ ለተሳትፎ ማርክ ይያዝ ስለነበር ነው። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጥተው የተናገርነውን ተማሪዎች ከነአስተማሪያችን ወሰዱን። ወንዶቹን ለብቻ አሰሯቸው።

ቲቸር ኮስታራ ነበረች። ስትስቅ አይተናት አናውቅም። እዚያም ቢሆን አላጽናናችኝም። ሹራቧን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችና «እዚህ ተኚ» አለችኝ፣ በቃ።

በማግስቱ ስነቃ የወር አበባዬ መጥቷል። ጉርዴም ሹራቧም ተበላሽተዋል። ለማንም ሳልናገር ጉልበቴን አቅፌ እዚያው ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተና አንድ ፖሊስ «ለቆጠራ ውጡ!» አለ። ግቢው ውስጥ ወንዶቹ እስረኞች ተሰልፈዋል። አብረውኝ የተያዙት የክፍሌ ልጆችም አሉበት።

«አንቺ! አልሰማሽም?»

አልተነሳሁም። ቲቸር ጎንበስ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሹራቧን አየች። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ትነግረዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በሩ ላይ ቆመች፤ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ እንዲሰማት በምትናገርበት ድምፅ «ልጅቷ የወር አበባዋ መጥቷል። ሞዴስና ውሃ ያስፈልጋታል» አለች።

ከወንዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያች ደቂቃ ከፖሊሱ ይልቅ እሷን ጠላኋት።

ፖሊሱ ሳቀ። «እዚህ ሱቅ መሰለሽ?»

«ሱቅ አለመሆኑን አውቃለሁ። እስኪመጣላት ግን ማናችንም አንወጣም» አለችና ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለች። አረቄ ሸጠሻል ተብለው የታሰሩ አንዲት ትልቅ ሴት አየት አደረጓትና እሳቸውም ተቀመጡ። የቀሩት ሁለቱ ተከተሏቸው።

ፖሊሱ ተሳደበ፣ በሩን በእርግጫ መታ፣ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰና ጥቁር ፌስታል ወደ ውስጥ ወረወረ። እግሬ ሥር ወደቀ። እጄን ስዘረጋ ቲቸር ክንዴን ያዘችኝ።

«አንስተህ በእጇ ስጣት» አለችው።

ተፋጠጡ። ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን እያነሳ ነው። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ በእጄ ሰጠኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ጋረዱኝ።

አላመሰገንኳትም። ቀኑን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋልኩ። አንዴ «ያምምሻል?» አለችኝ፤ አልመለስኩላትም። ማምሻው ላይ ጠርተው ወሰዷት። እኔን ከቀናት በኋላ አባቴ ዋስ ሆኖ አስፈታኝ። እሷ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም።

አሁን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ልጄ ሲኒየር ናት፣ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ እንደኛ ሲቪክስ ያለ፣ ገቨርንመንት የሚሉትን ትምህርት ትወስዳለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች «የፖለቲካ እስረኛ ነበረች» ሲሉኝ ሰምታ ለአስተማሪዋ ነገረች። አስተማሪዋም መጥቼ እንዳናግራቸው ኢሜይል አደረገችልኝ። ሁለት ጊዜ የሥራ ሺፍት አለብኝ ብዬ አመለጥኩ። ባለፈው ወር ግን ሄድኩ። ላወራ ያሰብኩት ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ቤት ነበር። አንዲት ተማሪ «እዚያ ውስጥ ምን ገጠመሽ?» ስትለኝ ግን ይህንኑ የወር አበባዬንና የቲቸርን ታሪክ ነገርኳቸው። ልጄ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች።

በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሞርስ ሮድ የሚሉት መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን፣

«ማም፣ ኤቭሪባዲ ዋዝ ዜር» አለች። «ክላሱ ሁሉ እየሰማ እንዴት እንደዛ ትያለሽ?»

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ድምፅዋ ረገብ አለ።

«ከዚያስ ምን ሆነች? ቲቸርሽ?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀሽ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ስልኳን አወጣች። «ስሟ ማነው? ሰርች ላድርጋት።»

ስሟን ነገርኳት። የአባቷን ስም ስትጠይቀኝ ግን አላውቀውም አልኳት። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንላት። ልጄ ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። አብረውኝ ከተያዙት ልጆች አንዱ አዲስ አበባ አለ፤ ቁጥሩም አለኝ። ለልጄ እደውልለታለሁ ብያታለሁ። እስካሁን አልደወልኩም። እሱም ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ቲቸር ያለችውን ሰምቷል።