ጣቢያው በር ላይ ይዘፍኑ የነበሩት ሰው

ከወታደርነት በወጣሁ በሦስተኛው ወር የረሆቮት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ጠባቂ ሆኜ ገባሁ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አውቶቡስ የሚፈነዳበት፣ ሰው ገበያ ብሎ ወጥቶ የሚቀርበት ጊዜ። ሌላው ሥራ ሁሉ ሲቀዘቅዝ የጥበቃ ሥራ ብቻ ሞልቶ ተርፎ ነበር። የገበያ አዳራሹም፣ ባንኩም፣ የሰርግ ቤቱም በሩ ላይ የሚያቆመው ሰው ይፈልጋል። እናቴ "መጀመሪያ የሚሞተውማ በሩ ላይ ያለው ነው" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ለመነችኝ። እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። "ነርስነት መማር እስክጀምር ድረስ ነው" ብያት ሄድኩ።

አብረውኝ የሚቆሙት ሰው ሃምሳውን አለፍ ያሉ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ድረስ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። እንደ እኛ ቤተሰብ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ የሚኖሩትም እንደ እኛው ክርያት ሞሼ ሰፈር ነው። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። ዕብራይስጣቸው ለበሩ የምትበቃ ብቻ ነበረች፦ "ቦርሳህን ክፈት"፣ "መሣሪያ ይዘሃል?"፣ "ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ እለፍ"። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። እኔ በአራት ዓመቴ ስለመጣሁ ዕብራይስጡ የራሴ ቋንቋ ሆኗል፤ እንዲያውም በአማርኛ የምናገረው ከእናቴና ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር።

ሥራችን ቀላል ነው። እሳቸው ፊት ቆመው በእጅ በሚያዘው የብረት መፈተሻ የሰውን ወገብና ኪስ ይዳስሳሉ፤ እኔ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኜ ቦርሳ እከፍታለሁ። የሚከብደው ሥራው ሳይሆን ሰልፉ ነበር። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደው ሕዝብ ይደረደራል፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሜው ሰንበት ዕረፍት የሚመለሱ፣ ትልልቅ ሻንጣ የተሸከሙ ወታደሮች ይጨመራሉ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሲመጣ፣ ቦምብ ታጥቆ እንደሆነስ ብለው ከጎኑ ያሉት አንድ እርምጃ ይርቃሉ። ማንም አይናገርም። የእጅ መፈተሻው ጢጥ ባለ ቁጥር ሃያ ሰው አብሮ ይደነግጣል፤ እኔም እደነግጣለሁ።

በሁለተኛው ቀን ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ጭጭ ባለው ሰልፍ መካከል ጋሼ መዝፈን የጀመሩት። መጀመሪያ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ድምፃቸው ከፍ አለ፦

"አይዞህ ክንዴ አይዞህ፣ ገና ነው ቀትሩ፤
በርታ በለው ማጭድ፣ ያልቃል ከነዳሩ።"

ድምፃቸው ያምር ነበር ብዬ አልዋሽም። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። ዘፈኑ ግን የአጨዳ ዘፈን ነበርና እግር ሳያስበው መሬቱን መምታት ይጀምራል። ወደ ቴል አቪቭ ቢሮ ሊያጸዱ የሚሄዱ አምስት ስድስት የሰፈራችን ሴቶች ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በቀስታ "አሆ!" ብላ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ሌላዋ። ጋሼ ዞር እንኳ ሳይሉ የአንዱን ወታደር ኪስ እየዳሰሱ ቀጠሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ሆነ። አንዳንዴ እዚያው ለቆመው ሰው ይገጥሙለታል። ከሴቶቹ አንዷ የምሳ ዕቃዋን ስታወጣ፣

"ክፈቺው ቦርሳሽን፣ አሳዪኝ እስቲ አንዴ፤
ዳቦ ከሆነማ፣ ይድረስ ለኔም ሆዴ"

አሏትና ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። አማርኛ የማይሰማውም ሰው ሳቁ ይጋባበት ነበር። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት፣ መነጽሯ በክር የታሰረ፣ በየጠዋቱ እስኪጀምሩ ትጠብቃቸውና ጣቷን እያወዛወዘች ታልፋለች። ሰልፉ ሲዘፈን ያጥራል፣ ወይም የሚያጥር ይመስላል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ "ጋሼ፣ ምነው ይዘፍናሉ? አይፈሩም?" አልኳቸው።

"ስለምፈራ ነዋ ልጄ" አሉኝ። "አገር ቤት እያለሁ ለአጨዳ ስንወጣ ዘፈን አውጪው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ሰው ይቀበለኛል። ኋላ ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ መሪዎቹ ትንፍሽ እንዳትሉ አሉን። ሕፃን እንኳ አፉ ይያዛል። ስንት ሳምንት ዝም ብለን ሄድን። ከረኃቡም ከውኃ ጥሙም የከፋብኝ እሱ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እንኳ ዝም ብለን አለፍን።" የሻያቸውን ብርጭቆ አስቀመጡ። "አሁን ዝም በል ያለኝ የለም። ታዲያ ለምን ዝም እላለሁ?"

ይህን ነግረውኝ ነበር። ሳታውቅ አጠፋች እንዳልባል ነው የምጽፈው።

ምክንያቱም አፍርባቸው ነበር። አንድ ጠዋት ወታደር ቤት አብሮኝ የነበረ ልጅ ሲያልፍ ሲዘፍኑ ሰማና፣ "የእናንተ ራዲዮ ነው?" ብሎኝ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ትምህርት ቤትም ወታደር ቤትም፣ "እነዚያ" ከሚባሉት ውስጥ እንዳልቆጠር ስጥር ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ በየጠዋቱ በሕዝብ ፊት አንድ ሰው በአማርኛ ማጭድ እያሉ ከጎኔ ይዘፍናሉ። ቀስ በቀስ ጠረጴዛዬን ወደ ኋላ መግፋት ጀመርኩ። ተዉ ግን አላልኳቸውም። አንድም ቀን አላልኳቸውም።

ከዚያ አንድ ክፉ ቀን መጣ። በዚያ ዘመን ጥፋት መድረሱን የምናውቀው ከዜናው በፊት ነው፤ ራዲዮው ደስ የሚለውን ዘፈን አቁሞ ለስላሳና ሐዘንተኛ ዘፈን ብቻ ማሰማት ሲጀምር። በማግስቱ ጠዋት የመጣሁበት አውቶቡስ ሹፌር ያንኑ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ታለቅሳለች። ጣቢያው ስደርስ ሰልፉ ከወትሮው የባሰ ጭጭ ብሏል። ጋሼ ሰዉን አዩ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ጀመሩ። ሴቶቹም ዕንባቸውን እየጠረጉ ተቀበሏቸው።

አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ የቀላ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። "ሰው እየተቀበረ አንተ ትዘፍናለህ?" አለች በዕብራይስጥ። "ሐፍረት የለህም?"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ?" አሉኝ።

"ምንም። ባቡር እንዳያመልጣት ነው" አልኳቸው። ለሴትየዋ ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኋት።

በዚያን ሰዓት ይህ ሰው ሟቾቹን እየናቀ አይደለም፣ አይዞን ማለቱ ነው ብላት ምናልባት ይገባት ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቀው እዚያ ከነበርነው ውስጥ እኔና ሴቶቹ ነን፤ ሴቶቹ ደግሞ ሰልፍ ላይ ናቸው። ዩኒፎርም ለብሶ ሁለቱንም የሚናገር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሴትየዋ ከስሳ ነበርና እኩለ ቀን ላይ የጥበቃው አለቃችን መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስልኩ የማያርፍ፣ የደከመው ሰው ነው። ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ሁልጊዜ ነው የሚዘፍነው?" አለኝ።

"ሁልጊዜ ነው።"

"አንቺስ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?"

እኔም እንዳልነካ ፈራሁ። "ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ" አልኩት፣ "አይሰማኝም።" በዕብራይስጥ "እርስዎ"፣ "እሳቸው" የሚባል ነገር የለም። እንደ እኩያዬ ቆጥሬ "ነግሬዋለሁ" ስል እንኳ አልሰቀጠጠኝም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አፌ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።

አለቃው ጋሼን አስጠራቸውና እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ። "ሰዎች እንዳማረሩ ንገሪው" አለ። "አንቺም ደጋግመሽ እንዳስጠነቀቅሽው፣ እንቢ እንዳለ ንገሪው። ከእሑድ ጀምሮ እዚህ አጠገብ፣ ቤኤር ያዕቆብ ከተማ የሚሠራ ሕንፃ ይጠብቃል።"

ጋሼ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ከእሑድ ጀምሮ ሥራዎ ቤኤር ያዕቆብ ነው እያለ ነው" አልኩ። "አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው፣ እዚያ ጠባቂ አጥተዋል።"

"ይኸው ነው ያለው?"

"ይኸው ነው።"

ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረው በዕብራይስጥ "ቶዳ" አሉት፤ አመሰገኑት። በሩ ላይ ሲደርሱ የእጅ መፈተሻውን አስረከቡኝና፣ "በርቺ ልጄ" ብለውኝ ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ የመጣው ባልደረባዬ ፈታሽ ሆነ። ሥራውን በደንብ ያውቃል፣ ዝምተኛ ነው። ሴቶቹ ሲደርሱ አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ። "ሰውዬው ታመሙ እንዴ?" አለችኝ አንዷ። "ተቀይረው ነው" አልኳት። "ማን ቀየራቸው?" አለች። ቦርሳዋን ዘጋሁላትና፣ "ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ባቡሩ መጣ" አልኳት።

ሰልፉ እንደ ድሮው ሆነ። የመፈተሻው ጢጥታ ብቻ። ሩሲያዊቷ አሮጊት ለጥቂት ቀን ቆም እያለች አየች፣ ኋላ ተወችው። እኔ ቀድሞ ያልነበረ ፍርሃት ያዘኝ፤ ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋት ጠዋት፣ ጫማዬን ሳስር። ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ነበረችኝና ከአለቃው ተደብቄ አንዱን ማዳመጫ በፀጉሬ ሥር ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። የሚያስጨፍር፣ ፈጣን የዕብራይስጥ ዘፈን መርጬ ነበር። ለእኔ ትንሽ ረዳኝ። ፊቴ የቆሙት ሰዎች ግን ምን እንደምሰማ አያውቁም፣ ፊታቸውም እንደዚያው ነው። አንድ ጠዋት ማዳመጫውን አውጥቼ የጋሼን ዘፈን ልሞክር ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ቃል ብዬ አቋረጥኩት። ሴቶቹ እንዳላፍር ብለው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ።

ሁለት ወር ያህል ሲሆን፣ አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ባቡር ይዤ ቤኤር ያዕቆብ ወረድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነው የሄድኩት። ጋሼ ከአጥሩ ውስጥ ካለው የብረት ጎጆ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሲሚንቶና ብረት እንጂ ሰው የለም፣ ሠራተኞቹ ለሰንበት ቀድመው ሄደዋል። ሲያዩኝ ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁልኝ፤ ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱልኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ።

"እዚህም ይዘፍናሉ ጋሼ?"

"ለማን ብዬ? ለሲሚንቶው?" ብለው ሳቁ። "የሚቀበለኝ የለም እኮ።"

ዳቦውን በእጄ እንደያዝኩ፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን አለቃው…" ብዬ ጀመርኩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ዕብራይስጥ መናገሩ ነው ያቃተኝ። መስማቱንስ እሰማለሁ።"

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየ። ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ሰምተው ነበር ማለት ነው። "ታዲያ… ለምን ዝም አሉ?"

"ስታስተረጉሚ ዓይንሽን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣሽም። ምን ልበልሽ?"

ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ማለት የሚቀለኝ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ሻዬ እንዳይቀዘቅዝ ነበር የሚያስቡት። እኔ ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ሰዓቴን አየሁና "ባቡሬ ደረሰ፣ ለሰንበት እናቴን ላግዛት" ብዬ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ ሸኙኝ። "እናትሽን ሰላም በያት" አሉኝ። ባቡሩ ገና አርባ ደቂቃ ነበረው። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ተመልሼ አልሄድኩም። በመኸር ትምህርቴን ጀመርኩ፣ ጥበቃውን ተውኩ። ዘመኑም በስተኋላ ቀለል አለ፤ ሰዉ ካፖርት ማየት ተወ። ነርስ ሆኜ እዚያው ክርያት ሞሼ አቅራቢያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ዕብራይስጥ የማይሆንላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ወደ እኔ ይላካሉ።

በዚያ አሥር ዓመት ማብቂያ ገደማ አንዲት እናት ደም ግፊት ሊያስለኩ መጡ። ካርዳቸው ላይ ያለውን የአባወራ ስም ሳነብ ቀና ብዬ አየኋቸው። የጋሼ ባለቤት ነበሩ። ጋሼ ባለፈው ክረምት ልባቸውን አሟቸው እንደሞቱ ከባለቤታቸው ሰማሁ። እዚያው ሰፈር እየኖርኩ አልሰማሁም ነበር።

"ጣቢያ አብሬያቸው እሠራ ነበር" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "አንቺ ነሽ? እንግዲያ ልጠይቅሽ። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት መጥታ፣ 'በዚያ ክፉ ጊዜ በየጠዋቱ ይዘፍኑልን ነበር' አለችኝ። እኔ አላመንኩም። ይህን አገር ከረገጥን ወዲህ ቤት ውስጥ ዘፍኖ አያውቅም። እውነት ነው?"

"እውነት ነው እትዬ። በየቀኑ ነው የሚዘፍኑት።"

"ምን እያለ?"

ስለ ክንዱና ስለ ማጭዱ ያለውን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "ሌላስ?" አሉኝ። ስለ ዳቦው ያለውን ነገርኳቸው፣ ሳቁ። "ሌላስ?" ሌላ አልነበረኝም። ረሳሁት አልኳቸው። ግን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያውኑ አልሰማሁትም። ስንት ወር ሙሉ ከጎናቸው ቆሜ ማን እየሰማብኝ ይሆን እያልኩ የሰዉን ፊት ነበር የማየው።

"ታዲያ እንዲህ ሰው ከወደደለት" አሉ እጅጌአቸውን እየሰበሰቡ፣ "ምነው ከዚያ አነሡት? እኔን 'አዲስ ሕንፃ የሚጠብቅ ጠፍቶ ነው' ብሎኛል።"

ጋሼ የነገሯቸው እኔ ያስተረጎምኩትን ቃል ነበር። አንዲት ነገር ሳይጨምሩ።

"እኔ እንጃ እትዬ" አልኩ። "አላወቅሁም።"

እግዜር ይስጥሽ ብለውኝ ወጡ። አሁንም በየወሩ ይመጣሉ። ግፊታቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስረዳቸዋለሁ፣ ስለ ልጆቻቸው እንጫወታለን። ቀጠሯቸው በደረሰ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከቤቴ እወጣለሁ።