ኛሉዋክ ለልጇ የዘፈነችው

ኛሉዋክ ጎረቤቴ ናት። ባሮ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ያን ቀን ዝም ብዬ ነው የቆምኩት። ግን እስካሁን ያናድደኛል፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ትልቁ ልጇ ታንግ የተዘረፈ ከብት ሊያስመልስ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ሆዱን በጥይት ተመታ። ሐኪም ቤት አመጡት፣ እዚያው ሞተ። ታናሹ ዱዋል ገና ተማሪ ነው።

ለለቅሶው ኒካው መጣ። ኒካው በሰፈራችን ለሞተ ጎበዝ የሚዘፍን ሰው ነው። በኑዌር ወግ ጎበዝ በሚወደው በሬ ስም ስለሚጠራ፣ ሟቹን በበሬው ስም እየጠራ ያወድሳል። መጨረሻ ላይ የወንድሙን ስም ካነሳ አለቀ፣ ያ ወንድም ደም ሳይመልስ ሰው መሐል አይቆምም። ኒካው ራሱ ግን አንድም ቀን ደም ሊመልስ ሄዶ አያውቅም።

ወጣቶቹ ዱዋልን ከበው፣ ካልሄድክ የእናትህን ዓሣ ተሸከም ይሉት ነበር። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እንደሚሄድ ገባኝ፣ እሷም ገብቷታል።

ኒካው ታንግን አንበሳ አለው። ሞቱንም አሳመረው። ሊጨርስ ወደ ዱዋል ዞር ሲል ኛሉዋክ ብድግ ብላ መሐል ገባች።

«አንተ ሲሞት አላየኸውም። ያየሁት እኔ ነኝ። እኔ ልዝፈንለት» አለችው።

ኑዌርኛ እሰማለሁ። እሷም በበሬው ስም ጀመረች። ውሃ ስጪኝ እያለ እንዳለቀሰ፣ ሐኪሙ ስለከለከለ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እንደነካችለት፣ ቁስሉ እንደሸተተ፣ በኋላም እሷን መለየት አቅቶት «አንቺ ሴትዮ» እንዳላት ዘፈነች። መሬት ሲደልቅ የነበረው እግር ሁሉ ቆመ። አንዱ ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

«እናቴ፣ ልጅሽን አዋረድሽው» አላት ኒካው።

«ላዋርደው።»

ዘፈኑን ቀጠለች። መጨረሻው ላይ የዱዋልን ስም ራሷ ጠራች። ዱዋል እኔን የሚቀብር ነው አለች። ስሙ በዘፈን አንዴ ለዚህ ከተጠራ በኋላ ደግሞ ኒካው ለደም እንዴት ይጠራዋል? ተነስቶ ሄደ። ባለፈው ሌላ ለቅሶ ቤት አንበሳ አንበሳ እያለ ሰማሁት፣ አያፍርም።

ዱዋል አልሄደም። እናቱን ግን አያናግራትም፣ ያቀረበችለትን ይዞ ውጭ ነው የሚበላው። አዘንኩላትና እንዴት ቻልሽው አልኳት።

«ይበላል አይደል?» አለችኝ፣ ተቆጥታ።