ቦምብ የተባለው ቀፎ

ልጆቹ «ተናገሪ፣ አሁን ጊዜው አልፏል» እያሉ ይወተውቱኛል። ያለፈው ለእነሱ ነው። ለማንኛውም እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። እግሬም አፌም አንድ ቦታ መቀመጥ አይወዱምና ታገሱኝ።

የያዙኝ ከደካ ስመለስ ነው። እህቴን ጠይቄ፣ ሺሺንዳ አድሬ፣ መንደሬ ማንኪራ ስደርስ ደጄ ላይ ፒክአፕ ቆሟል። ፖሊሶቹ የባሌን ቀፎ ከዛፉ አውርደው በገመድ ጠፍረውታል። ንቦቹን በእሳት ለብልበው ጨርሰዋቸዋል። ያኔ ኮማንድ ፖስት የሚሉት ነበር፤ ሰው በወሬ የሚታሰርበት ጊዜ።

ስለ ቀፎው ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ጄት በላያችን ሲያልፍ አንድ ረጅም ነገር ጫካው ውስጥ ጣለ። አልፈነዳም። ባሌ ሄዶ አየው። ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚጮኽ ባዶ ብረት። ጅራቱን በመጋዝ ቆረጠ፣ ፀሐይ እንዳያግለው በኮባ ቅጠል ጠቀለለና ሰቀለው። ንብ ገባበት። ልጆቻችንን ያሳደገ ቀፎ ነው። አናቱ ላይ አንዲት ክብ ክዳን ነበረች፤ እሷን ብቻ ባሌ ታግሎ ታግሎ መክፈት ቢያቅተው ተዋት። እሱ ሞተ፣ ቀፎው ቀረ።

ቦንጋ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው የእስር ክፍሉን በር ሲከፍቱ የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ሽታ ነው። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሻይ ቤት ያላት፣ በስልኳ የሆነ ነገር ጽፋ የታሰረች። ጋቢዋን ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችልኝ።

«እትዬ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አድርገው ነው?»

«ቦምብ ደብቀሻል ተብዬ።»

«ምን ዓይነት ቦምብ?»

«ማር ያለበት።»

ሳቀች። መልኩን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። ወጣት ሳለች የአየር ኃይል ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች።

«እሱማ ቦምብ አይደለም፤ የነዳጅ ጋን ነው። ክንፉ ሥር ያንጠለጥሉታል። ድሮ ሰማይ ላይ የሚዋጋው ጄት ሌላ፣ ቦምብ የሚጥለው ሌላ ነበር አሉ። ኋላ ለምን ሁለት እንቀልባለን ብለው ተዋጊውን ቦምብ አሸከሙት። መካኒኮቹ ምሳ ላይ ሲያወሩ ነው የሰማሁት።»

«አንዱን ፈረስ ለጉግስም ለጭነትም?»

«እንደሱ። የተጫነ ፈረስ ደግሞ ብዙ ይበላል። ሩቅ እንዲደርስ ብለው ይህን ጋን ጨመሩለት። ነዳጁ ሲያልቅ፣ ወይ ውጊያ ሲገጥመው፣ እንዲቀለው ጥሎት ይሄዳል።»

ንዴቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እነሱ ለመግደል እንዲቀላቸው የወረወሩትን ባሌ አንስቶ ልጅ አሳደገበት። ወንጀለኛዋ ግን እኔ ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር የፈለጉት እኔን አልነበረም። የመጨረሻው ልጄ መምህር ነው፤ ስብሰባ ላይ ተናገረ ተብሎ ከግድግዳው ማዶ፣ ከወንዶቹ ጋር ታስሯል። ሲያስል እሰማዋለሁ። «ቦምቡ የእሱ ነው» ብዬ ከፈረምኩ ወደማላውቀው አገር ይወስዱታል።

አንድ ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ አወጡኝ። ቀፎው መሬት ላይ ተጋድሟል። በር ጠባቂው «የቦምቡ እናት መጡ» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። የጣቢያው አዛዥ፣ ኮማንደሩ፣ አልሳቀም። ሽበት የጀማመረው፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከዚያ ወደ ቀፎው ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ እጁን አናቱ ላይ ሰደደ፣ በአውራ ጣቱ የሆነ ቦታ ተጭኖ ጠመዘዘ። ክዳኗ ቀጭ ብላ ተከፈተች። አሸተተና መልሶ ዘጋት።

«ቦምብ ነው» አለ።

«የነዳጅ ጋን ነው» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን ነገረዎት?»

«ንቦቹ።»

«እማማ፣ እርስዎን ማሰር ማን ይወዳል? ልጄ ያመጣው ነው ይበሉና ቤትዎ ይግቡ።»

«ቀፎው ከልጄ በዕድሜ ይበልጣል።»

የምፈርመውን ወረቀት አስወጣ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። አንዱ ፖሊስ በጣቱ እየጠቆመ ሲያነብልኝ የልጄ ስም ይደጋገማል። ኮማንደሩ ከቀፎው ያወጡትን የማር እንጀራ በሳህን አስመጣ። «ይቅመሱ፣ የራስዎ ማር ነው። ከዚያ ጣትዎን ያሳርፋሉ።»

ነጭ ማር ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል፤ የሞቱ ንቦች ተጣብቀውበታል። ርቦኝ ነበር። እጄን ስዘረጋ ፈገግ አለ። አውራ ጣቴን እስከ ሥሩ ማሩ ውስጥ ነከርኩ። የፊርማ ቀለሙን ሳልነካ ጣቴን ወረቀቱ አናት ላይ አሳረፍኩና እስከ ታች ጎተትኩት። ጽሑፉ ተጨማለቀ። አንዲት የንብ ክንፍ የልጄ ስም ላይ ተለጥፋ ቀረች።

«ፈረምኩ» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩት። አልላስኩትም።

ከዚያ ወዲያም ሌላ ወረቀት ይዘው ተመላለሱ፤ ጣቴን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ከወራት በኋላ እኔንም ልጄንም ያለ አንድ ቃል ለቀቁን። ቀፎውን አልመለሱልኝም።

አሁን ቴሌቪዥን ላይ ጄት ሲያሳዩ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔ የማየው ከክንፉ ሥር ያለውን ነው። «አርጅተሻል፣ ተይው» ይሉኛል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቁጣዬ አላረጀም።

በቅርቡ ኮማንደሩ ሞተ ሲሉኝ ለቅሶ ሄድኩ። ሞት ከገባበት ቤት ቀርቼ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ የወጣትነት ፎቶውን አውጥተው አስቀምጠውታል። ቱታ ለብሷል፣ ጄት ክንፍ ሥር ተንበርክኳል። እህቱን ጠየቅኳት።

«በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ነበር» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ለጄቶቹ ነዳጅ የሚሞላው እሱ ነበር።»

ፎቶውን አንስቼ ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው የእኔ ቀፎ ነው። አውራ ጣቱ ክዳኗ ላይ ነው።