ውሃ ላይ የሚተከለው እህል

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ ውሃ እፈራ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ርብ ወንዝ ድንበሩን ጥሶ የፎገራን ሜዳ ውሃ ሲያለብሰው፣ ማሳችን ጠፍቶ ከብቶቻችን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው እምቧ ሲሉ፣ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዘንድሮስ ምን እንበላለን?» ትል ነበር። ማታ ማታ ለትንኙ ኩበት እናጨሳለን። ያኔ ትንኙ ጥጃ ያህል ነበር፤ ይሁን፣ ጫጩት ያህል።

በዚያ ጭስ መሃል፣ በኩራዝ ብርሃን፣ የእናቴ ወንድም አያ ተገኘ የዘመተበትን የኮሪያን ጦርነት ያወራልን ነበር። ብርዱ ሰው የጠጣውን ውሃ ሆዱ ውስጥ ያረጋዋል ሲለን ሁሉም አፉን ከፍቶ አመነው። አንድ ማታ ግን፣ ውሃው ደጃችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የእናቴን ፊት አየና «እዚያ አገር ውሃ ሲተኛ ሰው አያዝንም፤ እህል ይተክልበታል» አለ።

ጎረቤታችን አቶ ካሳ «ምን ይተከላል አያ ተገኘ፣ እንቁራሪት?» አለው።

አያ ተገኘ አልተቆጣም። ከቤቱ ክዳን ሳር መዘዘና ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ቡቃያው ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሚሰካ አሳየን። ሳቁ ጣራውን ሊነቅለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙ «እንቁራሪት ተካዩ» ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ባሕር ማዶ ለዘመቱ የአካባቢው ልጆች ወረታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ሆነ። የአያ ተገኘን ሜዳሊያና ወረቀት ያው ውሃ ከወሰደው ቆይቷል፤ ልጅም ሳይወልድ ነው ያለፈው። መዝመቱን የሚመሰክር ሲፈለግ ከዘመዶቹ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ከወረታ እስከ ይፋግ የምታወቀው አንዱን አሥር በማድረግ ነው። ኮሚቴው ፊት ተቀመጥሁ። አንዲት ነገር ብጨምር ስሙ ከድንጋዩ ሊቀር ነው።

ሰብሳቢው ወጣት መምህር ነው። «አባባ፣ እባክዎ ያልጨመሩበትን አንድ ነገር ይንገሩን» አለኝ።

ስለ ብርዱ ላወራ ምላሴን በላኝ፤ ዋጥሁት። የዚያችን ማታ ነገር ብቻ፣ ሳሯን እንዴት እንደሰካት ነገርሁት።

«ሩዝማ ዛሬ ሁላችንም እንተክል የለ፤ ይሄ ምን ይመሰክራል?» አለ።

ከኮሚቴው አንዷ፣ የአቶ ካሳ ልጅ ወይዘሮ አበባ፣ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ዛሬ ነው እንጂ ያኔ ማን ያውቀው ነበር? ሩዝ እዚህ አገር የገባው ከስንት ዘመን በኋላ! አባቴ ‹እንቁራሪት ነው ወይ› ሲለው እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ስቄበታለሁ። ሰውየው ሄዶ ካላየው ከየት ያመጣዋል? በዚያ በሳቅንበት እህል ነው ልጆቼን ያሳደግሁ።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳና «ስማቸው ሙሉውን ማን ነበር ያሉኝ?» አለ።

አሁን ድንጋዩ ቆሟል፤ ስሙም አለበት። ዛሬም ርብ ሲሞላ ልቤ እንደ ልጅነቴ ይርዳል፤ ፍርሃት አያረጅም። ያኔ ደጃፋችንን ሲመለከት የነበረው ውሃ ግን ዛሬ አረንጓዴ ለብሶ ተኝቷል። ስለ ኮሪያ ብርድ ጠይቁኝ፤ እሱን እንደፈለግሁ አሳድገዋለሁ። ያቺን ሳር ግን አልነካትም፤ እሱ እንደሰካት ናት።