በመቀስ የተቆረጠው ዳቦ ቆሎ

ዳቦ ቆሎ የትም ቤት ይሠራል ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። የእኛው ቤት ሙያ ከአንኮበር፣ ከአያቷ እጅ የመጣ ነው፤ ከእሷ ሌላ የሚችለው የለም። ዱቄቱን በእፍኝ፣ በርበሬውን በዓይኗ ትለካለች። ስንት ጨመርሽ ብሎ የሚጠይቃትን ሰው ደግሞ “እጅ ከሌለህ ቁጥር ምን ያደርግልሃል?” ትለዋለች።

አባቴ ቄስ ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳቦ ቆሎ ነበር። የፍስኩ በቅቤ ይታሻል፣ የጾሙ በኑግ ዘይት። በርበሬ ስላለባቸው ተቆልተው ሲወጡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። ሰው ተሳስቶ ጾም እንዳይገድፍ ታዲያ የጾሙ በቢላ ይቆረጣል፣ አራት ማዕዘን ሆኖ። የፍስኩ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሰያፍ ሆኖ። ይህን ለማንም ነግረን አናውቅም፤ እዚህ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ ከደነባ ሚስት አገባና ከእኛው ግቢ፣ ከጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ገቡ። ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ። ያን ዓመት የእናቴን እጅ ቁርጥማት ያዘው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ “የዘንድሮውን የጾም ዳቦ ቆሎ ምራቴ ትሥራው፤ ከእንግዲህ ሙያው የእሷ ነው” አለች፣ እኔ ፊት።

እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሃያ ዓመት ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሊጥ ቆርጫለሁ። አንድ ቀን ጎሽ ብላኝ አታውቅም፤ ይሄ ወፈረ፣ ይሄ ቀጠነ እንጂ። ባል አላገባሁ፣ ከተማ አልወጣሁ፤ የነበረኝ ያ ሙያ ብቻ ነው። ምራቷ ቤታችን ከገባች አራት ወር አልሞላትም። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ልኩን አሳይታት፣ ዘይቱን በዓይኗ እያየች አስጨመረቻትና ለቅሶ ሄደች። ልጅቷ ሊጡን አሽታ ስታድቦለቡለው ጎኗ ቆሜ አየሁ። ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

“እትዬ፣ በምን ልቁረጠው? እማማ ሳይነግሩኝ ሄዱ” አለችኝ።

“በመቀስ ነው። ሰያፍ አድርጊው፤ እንዲያ ነው የሚያምረው።”

መቀሱን እኔው አጥቤ ሰጠኋት። ቁጭ ብዬም እስከ መጨረሻው ስትቆርጥ አየሁ። ብረት ምጣዱ ላይ ስትቆላው የበርበሬው ጭስ እያስነጠሳት፣ ዓይኗ እያነባ፣ ጣቶቿ እየተቃጠሉ ወደ ማታ ጨረሰች። ቆርቆሮውን ስትሞላ “እጅሽ ይባረክ” አልኳት። ደስ ብሏት ሳቀች። ከሁሉ ነገር እስከ ዛሬ የምጠላው ያንን ምርቃቴን ነው።

ሰኞ ጠዋት ለአባቴ በነጠላ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ቅዳሴ ወጥቶ ካህናቱ ደጀ ሰላም ሲቀመጡ አባቴ ቋጠሮውን ፈታ፤ አንዱም እጁን ዘረጋ። አባቴ ያንን ሰያፍ ሲያይ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለው። ጾሙን እንደዋለ ቤት መጣ፣ ቋጠሮውን እናቴ ፊት አስቀመጠ፣ “ይህ የጾም አይደለም” አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

እናቴ ልጅቷን አስጠራቻት። ወንድሜም ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“ቅቤ የጨመርሽው ምን ብለሽ ነው?”

“እማማ፣ ቅቤ አልጨመርኩም። ዘይቱን እርስዎ ራስዎ እያዩ ነው ያፈሰስኩት።”

“ከሄድኩ በኋላስ? ሰያፍ የሚቆረጠው የቅቤው ነው። ሰያፍ ያደረግሽው ለምንድን ነው?”

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። እሷ ነግራኝ ነው ለማለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ለምን እንደተወችው አላውቅም። ምናልባት ራሴ እስክናገር ጠብቃ ይሆናል። ብትናገርብኝማ እክዳት ነበር፤ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር።

“አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ቅቤ ነካው አልነካውም?” አለችኝ እናቴ።

ቅዳሜ ከሊጡ እስከ ምጣዱ ከአጠገቧ አልተነሣሁም።

“አላየሁም” አልኩ።

ይህን ቀምሶ የሚፈርድ አንድም ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ቅቤ ካለው የቀመሰው ሰው ጾም ገደፈ ማለት ነዋ። ልጅቷ ይህን ስታይ እፍኝ ሙሉ ከቋጠሮው አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረች። እያኘከች፣ እንባዋ እየወረደ፣ “ይኸው፣ ቅቤ የለውም” አለች። ንጽሕናዋን በአፏ ልታሳይ ነው።

“ፊቴ ላይ ገደፈች!” አለች እናቴ። ቆርቆሮውን በዚያ በማይታጠፍ እጇ አቅፋ ጓሮ ወሰደችና የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ለዶሮዎቹ ደፋችው። ተመልሳም በባሏ ፊት “የቄስ ቤት ዱቄት ከእንግዲህ በእጅሽ እንዳትነኪ” አለቻት። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ቤት ልጥረግ ብዬ መጥረጊያ አነሣሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ ወደ ጣርማ በር መውጫ በኩል ቤት ተከራይተው ወጡ። ወንድሜ ለበዓል ብቻውን ይመጣል፤ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ልጅ ወልደዋል፤ እስካሁን አላየሁትም። ሙያውም ለእኔ ሆነ፤ የፈለግሁትን አገኘሁ።

ዘንድሮ ጾም ሊገባ ሲል ሊጡን በቢላ እየቆረጥኩ ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አሁን ስኒ እንኳ መያዝ አቅቷታል። ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ ምናልባት አብራኝ እንድትስቅ ፈልጌ፣ “ምራትሽ ብትሆን ይሄኔ ቅቤ ጨምራበት ነበር” አልኳት።

“ቅቤ አልነበረውም” አለች።

“በምን አወቅሽ?”

“አሽትቼዋለኋ። ስንት ዘመን ቅቤ ሳነጥር ኖሬ ሽታው ይጠፋኛል?”

ቢላዋ እጄ ላይ ቆመ። “ታዲያ ለምን ደፋሽባት?”

“ሰያፍ መቁረጥን ማን እንዳስተማራት ገባኝ። አላየሁም ስትዪ ደግሞ ማንን እንደወለድኩ ገባኝ። ካንቺ ጋር አንድ ግቢ ልጅ እንድታሳድግ አልፈለግኩም።”

“አዋርደሽ ነው ያባረርሻት።”

“በደህና ቃልማ ውጪ ብላት እሺ አትለኝም ነበር፤ ትወደኝ ነበር።”

“እኔንስ?” አልኳት። ምን እንድትለኝ እንደፈለግሁ አላውቅም።

“አንቺን ማን ይወስድልኛል” አለች፤ ሊጡንም በአገጯ አሳየችኝ። “ያኛው ወፈረብሽ፣ አሳንሺው።”

አሳነስኩት።